ምዕራፍ ሦስት፦ ሲሠራ የታየ ሥዕል

አንድ ሰው ሥዕል መሥራት እንዲጀምር የሚያደርገው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያው ተሰጥኦ፣ ማለትም ከውልደት ጋር የመጣ ልዩ ችሎታ ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የአገሩ መልክ፣ የተራራውና የወንዙ ውበት በልጅነት ልቡ ላይ ያሳደረው ስሜት ነው የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ከፊል እውነት ቢኖራቸውም ዋናውን ነገር አያገኙትም። በአንድ መንደር የሚያድጉ ልጆች ሁሉ አንድ ተራራና አንድ ወንዝ ያያሉ፤ ቀለምና ቅርጽ የሚስባቸው፣ ከሰል ባገኙበት ግድግዳ የሚያጠቁሩ፣ በክረምት ከጭቃ በሬና ፈረስ የሚሠሩ ልጆችም በየቤቱ አሉ፤ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን ሥዕልን የዕድሜ ልክ ሥራቸው የሚያደርጉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚፈጥረው ልጁ ቀደም ብሎ ከተሠራ ሥዕል ጋር፣ ከዚያም በላይ ሥዕሉን ሲሠራ ከታየ እጅ ጋር የነበረው ቅርበት መሆኑን ይህ ምዕራፍ ለማስረዳት ይሞክራል። (በምዕራፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የተሰጥኦው መልስ ይህን ያህል ሥር የሰደደበት ምክንያት የራሱ ታሪክ አለው። ጣሊያናዊው ሠዓሊና ጸሐፊ ጆርጆ ቫዛሪ በ1550 ባሳተመው የሠዓሊያን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከእርሱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ስለኖረው ስለ ጆቶ ሲጽፍ፣ ልጁ በጎች እየጠበቀ ሳለ በሹል ድንጋይ ጠፍጣፋ ዐለት ላይ በግ ሲሥል ቺማቡዌ የተባለው ስመ ጥር ሠዓሊ በዚያ ሲያልፍ እንዳየው፣ በችሎታው ተደንቆም ከአባቱ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ፍሎረንስ እንደወሰደው ይተርካል። ይህ ትረካ በአውሮፓ ለብዙ ዘመናት እንደ ታሪክ ሲነገር ኖሯል፤ ነገር ግን ኤርንስት ክሪስና ኦቶ ኩርዝ የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1934 ቪየና ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ የማንም ተማሪ ያልነበረ ልጅ፣ በገዛ እጁ የሠራው አስደናቂ ሥዕልና በአጋጣሚ አይቶት የሚያነሣው ታላቅ ሰው በብዙ አገሮችና ዘመናት የሠዓሊያን የሕይወት ታሪክ ውስጥ ተደጋግመው የሚመጡ የትረካ ቅርጾች መሆናቸውን አሳይተዋል። ይህ ማለት የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው በእርግጥ የሆነውን ከመመዝገቡ በፊት፣ የሠዓሊ ልጅነት ምን መምሰል እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። በአማርኛ በሚጻፉ የሠዓሊያን ታሪኮችም ውስጥ በከሰል ግድግዳ ላይ ሲሥል የተገኘው እረኛ ልጅ አይጠፋም። ልጁ አልሣለም ማለት አይደለም፤ ይልቁንም ትረካው ያን ሥዕል የሠራበትን አብነት፣ አብነቱን ያሳዩትን ሰዎችና የተመለከተውን ግድግዳ ከታሪኩ ያስወጣቸዋል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው ስማቸው ያልተጻፈ በመሆኑ አንዴ ከወጡ በኋላ ተመልሰው አይገኙም። ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም።

ፈረንሳዊው ጸሐፊ አንድሬ ማልሮ በ1951 ባሳተመው ሰፊ የሥነ ጥበብ መጽሐፍ ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ትረካ ተቃራኒ ነው። ወደፊት ሠዓሊ የሚሆነው ልጅ ከእኩዮቹ የሚለየው፣ ሥዕሉ ከሚያሳየው ነገር ይልቅ ሥዕሉ ራሱ ልቡን ስለሚነካው ነው፤ ስለዚህም ጆቶን ሠዓሊ ያደረጉት በጎቹ ሳይሆኑ ያያቸው ሥዕሎች ናቸው ይላል። የማልሮ አባባል የጸሐፊ እንጂ የተመራማሪ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ብሬንትና ማርጆሪ ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ጥበብ ትምህርት ተመራማሪዎች በ1977 ባወጡት ጥናት፣ ወጣቶች የሚሥሏቸውን ምስሎች አንድ በአንድ ተከታትለው ምንጫቸውን ሲጠይቁ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሌላ ሥዕል፣ ከመጽሔት፣ ከቴሌቪዥን፣ ከተረት መጽሐፍ ወይም ከሌላ ልጅ ሥዕል የተወሰዱ ሆነው አገኟቸው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ኤርንስት ጎምብሪች ለዚህ ሒደት ስኬማ የሚለውን ቃል ተጠቅሟል፤ ስኬማ ማለት ሠዓሊው ከማየቱ በፊት በእጁ ያለው ዝግጁ ንድፍ፣ ማለትም ፊት እንዲህ ይሠራል፣ ዛፍ እንዲህ ይሠራል የሚል የተማረው ቅርጽ ሲሆን፣ ሠዓሊው በዚያ ይጀምርና እያየ እያረመው ይሄዳል። ንድፍ የሌለው እጅ የሚያርመው ነገር የለውም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ተጽዕኖ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ፣ ልጁ የመጀመሪያውን ንድፍ ከየት አገኘው ብሎ ከመጠየቅ አይለይም።

በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ለሚያድግ ልጅ ይህ ንድፍ ለብዙ መቶ ዓመታት የተገኘው በመጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያን ነው። በክብ ቅርጽ በተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ውጫዊ ገጽ በሥዕል የተሸፈነ ሲሆን፣ ሥዕሉም በብዙ ቦታ በቀጥታ በግድግዳው ላይ ሳይሆን በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ የተሠራ ነው። በበዓል ቀን ከእናቱ ጋር ቆሞ የሚያስቀድስ ልጅ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ፣ እመቤታችንን ከልጇ ጋር፣ ሰማዕታቱን ከመከራቸው ጋር እየተመለከተ ያድጋል፤ ማንም ሳያስተምረውም የሥዕሉን ሕግ ይማራል፤ ለምሳሌ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሙሉ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ ሲያዞሩ፣ ክፉዎችና አጋንንት ግን በአንድ ዓይን፣ በጎን እንደሚሣሉ ያውቃል። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ምክንያቱም ሥዕል የታየውን ነገር መገልበጥ ብቻ ሳይሆን በሠሪውና በተመልካቹ መካከል ያለ ስምምነት መሆኑን፣ በአውሮፓ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ዘግይቶ የሚነገረውን ሐሳብ፣ ልጁ ገና ፊደል ሳይቆጥር ይቀስመዋል።

ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ራሱ ከሌላ ሥዕል የተወለደ መሆኑ አዘውትሮ ይዘነጋል። በሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂዎች በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ ከገቡ በኋላ፣ ሚሲዮናውያኑ በ1630ዎቹ ከአገር ሲባረሩ ሥዕሉ ግን አልተባረረም፤ የኢትዮጵያ ሠዓሊያን የእጇን አያያዝና የልብሷን አወዳደቅ ወስደው፣ በራሳቸው መስመርና ቀለም አድርገው፣ በጎንደር ዘመን ዋናው የማርያም ሥዕል አብነት አደረጉት። ከእነርሱ ቀደም ብሎ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ስሙን በሥራው ላይ የተወው ፍሬ ጽዮንም ከውጭ የመጡ የማርያም ሥዕሎችን የሚያውቅ ሠዓሊ ነበር። እንግዲህ ንጹሕ የአገር ተጽዕኖ ወይም ንጹሕ የውጭ ተጽዕኖ ብሎ መከፋፈል ለክርክር ይመች ይሆናል እንጂ ሥዕል የሚሠራበትን መንገድ አይገልጽም።

ከግድግዳው ሌላ በልጁ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ሥዕልም ነበር። ክታብ በብራና ላይ የሚጻፍ የጸሎትና የመጠበቂያ ጥቅል ሲሆን፣ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ሆኖ ይዘጋጃል፤ በጽሑፉ መካከልም ጥልሰም የሚባሉ፣ በትልልቅ ዓይኖች፣ በመስቀሎችና በተጠላለፉ መስመሮች የተሞሉ ምስሎች ይገባሉ። እነዚህን ምስሎች የሚሠሩት ደብተራዎች ሲሆኑ፣ የምስሉም ሥራ ማስጌጥ ሳይሆን ክፉ መንፈስን ማስደንገጥና ማባረር ነው። በጤናውና በሞቱ ላይ ኃይል አለው ተብሎ የታመነበትን ምስል ተሸክሞ ያደገ ልጅ፣ ሥዕልን በቤት ውስጥ እንደሚሰቀል ጌጥ ብቻ ሊያየው አይችልም፤ ይህ አመለካከት ከዚህ በታች እንደሚታየው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊያን ሥራ ላይ ጥልቅ ምልክት ትቷል።

እስካሁን የተጠቀሱት ግን የተጠናቀቁ ሥዕሎች ናቸው፤ የተጠናቀቀ ሥዕል ደግሞ ብቻውን ብዙ ጊዜ የሚያፈራው አድናቂ ነው። በመቅደሱ ግድግዳ ፊት የቆሙ ልጆች ሁሉ ያንኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ አይተዋል፤ ቀለሙ ሲፈጭ፣ ጨርቁ ሲለጠፍ፣ የፈረሱ እግር አንድ ጊዜ ተሥሎ ሲታረም ያዩት ግን የሠዓሊው ልጆችና ደቀ መዛሙርት ብቻ ናቸው። በእነዚህ ሁለት ዓይነት ልጆች መካከል ያለው ርቀት ከተሰጥኦ ልዩነት ይልቅ የሚሰፋ ይመስላል። ሥዕል ሲሠራ ያየ ልጅ የሚማረው ጥበቡን ብቻ ሳይሆን፣ ያ የሚያስደነግጥ ነገር ከሰው እጅ የሚወጣ መሆኑን፣ ሠሪውም እንደማንኛውም ሰው የሚሳሳት፣ የሚደክም፣ ምሳ የሚበላ ሰው መሆኑን ነው። ይህ ዕውቀት ፈቃድ ነው።

የሠዓሊው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ታሪክ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። በ1932 በሐረር የተወለዱት ገብረ ክርስቶስ፣ አባታቸው አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሊቅና ብራና ላይ የሚጽፉና የሚሥሉ ባለሙያ ነበሩ፤ እናታቸውን በሕፃንነታቸው ያጡት ልጅም ከእኒህ አባት ቤት ቀለምና ብርዕ አጠገብ አደጉ። ኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው የግብርና ትምህርት ቢጀምሩም አልዘለቁበትም፤ በ1957 ወደ ጀርመን ሄደው ኮሎኝ ከተማ ሥዕል አጠኑ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመልሰው ሥራቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩም ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም የሚታወቅ ነገርን መልክ ሳይዝ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገር ሥዕል ይዘው በመምጣታቸው፣ ከውጭ የተቀዳ ነው የሚል ብርቱ ትችት ገጠማቸው። ትችቱ የልጅነታቸውን ቤት ያላየ ነበር። የብራና ሐረግ፣ ማለትም በመጽሐፍ ገጽ ራስጌ ላይ እየተጠላለፈ የሚሄደው የመስመር ጌጥ፣ የማንንም ሰውና የማንንም እንስሳ መልክ አይዝም፤ በእንዲህ ያለ ሐረግ አጠገብ ላደገ ልጅ፣ መስመር ለራሱ ሊቆም እንደሚችል ኮሎኝ ላይ የሚነገረው እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ጀርመን የሰጠቻቸው ነገር ብዙ ነው፤ ጅማሬውን ግን የሰጠችው ሐረር ናት ብሎ መደምደም ያስደፍራል።

ሁሉም ልጅ ሠዓሊ አባት አይኖረውም፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የመምህር ቦታ ወሳኝ ይሆናል። ቤንጃሚን ብሉም የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ በ1985 ባሳተመው ጥናት፣ ቀራፂያንንና ፒያኖ ተጫዋቾችን ጨምሮ በተለያዩ ሙያዎች ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ 120 ያህል ሰዎችን ሕይወት ሲመረምር፣ የመጀመሪያዎቹ መምህራን በአብዛኛው የታወቁ ሊቃውንት ሳይሆኑ፣ ልጁ ሥራውን እንዲወድ ያደረጉ ደግና ቅርብ ሰዎች እንደነበሩ አግኝቷል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ይህንን የሚመስል አጋጣሚ ነበራቸው። በ1937 አዲስ አበባ የተወለዱት እስክንድር በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ ከመደበኛው ትምህርት ውጪ ከስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ጋር ይሠሩ ነበር፤ ሆይናትስኪ ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ የኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ ተመራማሪና በውኃ ቀለም የሚሥሉ ሰው ነበሩ። አንድ ወጣት በአንድ ጊዜ ቀለም እንዴት እንደሚያዝና የገዛ አገሩ ጥንታዊ ሥዕል ለጥናት የሚበቃ ክብር እንዳለው ከአንድ ሰው መማሩ ትልቅ ዕድል ነው። እስክንድር የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት ሲከበር በተዘጋጀ ትርኢት ሁለተኛ ሆነው የውጭ ትምህርት ዕድል አገኙ፤ ወደ ለንደን፣ ከዚያም በ1957 ወደ ፓሪስ ተሻግረው እስከ 1966 በዚያ ኖሩ፤ የሠዓሊያኑን የፓውል ክሌንና የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራዎችም በቅርበት አጠኑ። እነዚህን የወደዷቸው ቀድሞ በአገራቸው የሚያውቁትን የሚመስል ነገር ስላገኙባቸው መሆኑን ሥራዎቻቸው ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ የጥልሰሙ ዓይኖች በእስክንድር ሥዕሎች ውስጥ በሌሊት ሰማይ ላይ እንደገና ይከፈታሉ።

ፈቃድ ከቤተሰብም ከመምህርም ሊመጣ ይችላል፤ ከመንግሥትም ሊከለከል ይችላል። በ1932 አንኮበር የተወለዱት ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር ሲላኩ የተመደበላቸው ትምህርት የማዕድን ምሕንድስና ነበር፤ ከጦርነት ገና የወጣች አገር የሚያስፈልጋት መሐንዲስ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና ምደባው አያስገርምም። የሥዕል ዝንባሌያቸውን በገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት የነበሩ መምህራን ተመልክተው ባያበረታቷቸው ኖሮ፣ አዲስ አበባ ያለው አፍሪካ አዳራሽ ዛሬ የሚታወቅበትን 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሥዕል ምናልባት ሌላ ሰው ይሠራው ነበር። አፈወርቅ ለንደን ላይ ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ ያደረጉት ነገር ደግሞ ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች እየዞሩ አጠኑ። ለንደን ከነበሩት ብራናዎች ብዙዎቹ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ነበሩ፤ ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት የአያቶቹን ሥዕል በቅርብ ገልጦ ለማየት ባሕር መሻገር ነበረበት ማለት ነው። የብራና ሥዕል በአገር ቤት በዕቃ ቤት ተቆልፎ በበዓል ብቻ የሚወጣ፣ በውጭ ደግሞ በመዝገብ ተይዞ ለአጥኚ የሚከፈት መሆኑ፣ ተጽዕኖ የሚደርሰው ሥዕሉ ባለበት ሳይሆን ሥዕሉ በተከፈተበት ቦታ መሆኑን ያሳያል።

በዕድሜ ከገፉ በኋላ የጀመሩ ሠዓሊያን ይህን አስተሳሰብ የሚያፈርሱ ይመስላሉ፤ ሲመረመሩ ግን የሚያጸኑት ናቸው። ቪንሰንት ቫን ጎ ሠዓሊ ለመሆን የወሰነው በ1880፣ በ27 ዓመቱ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው፤ ነገር ግን በ16 ዓመቱ ጉፒል በተባለ የሥዕል ነጋዴ ድርጅት ተቀጥሮ ለዓመታት ሥዕልና የሥዕል ኅትመት ሲያገላብጥ ኖሯል። ቫሲሊ ካንዲንስኪ በ1896 ሞስኮ ላይ የክሎድ ሞኔን የድርቆሽ ክምር ሥዕል ካየ በኋላ በ30 ዓመቱ የሕግ ሙያውን ትቶ ሥዕል ጀመረ፤ ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ለጥናት ወደ ሩሲያዋ ቮሎግዳ ሄዶ፣ ግድግዳቸውና ዕቃቸው ሁሉ በቀለም ያሸበረቀ የገበሬ ቤቶች ውስጥ ሲገባ በሥዕል ውስጥ የገባ ያህል ተሰምቶት ነበር። ከሁሉም ይልቅ የአንሪ ማቲስ ታሪክ ያስተምራል፤ የሕግ ጸሐፊ የነበረው ማቲስ በ20 ዓመቱ አካባቢ ታምሞ ተኝቶ ሳለ ጊዜ ማሳለፊያ እንዲሆነው እናቱ የቀለም ሣጥን ሰጠችው፤ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የሕግ ሥራውን ተወ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ድንገተኛ ተአምር ይነገራል። ማቲስ ያደገባት ቦኤን ግን የሐር ጨርቅ ሸማኔዎች ከተማ ነበረች፤ እናቱም በቤተሰቡ ሱቅ የቤት ቀለም የሚሸጥበትን ክፍል የምትመራ፣ ቀለምን የምታውቅ ሴት ነበረች። ሣጥኑ ሲከፈት በውስጡ ያለው ነገር ለእጁ አዲስ ቢሆንም ለዓይኑ አዲስ አልነበረም።

የማቲስ እናት የምታስነሣው ሌላ ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ ገጠር ሥዕል ሲሠራ የማየት ዕድል በአብዛኛው የወንድ ልጆች ነበር፤ ንድፍና ቀለም ሲሠራ የማየት ዕድል ግን ለሴት ልጆች ሰፊ ነበር። ስንደዶው ተለቅሞ፣ አክርማው ተሰንጥቆና በቀለም ተነክሮ፣ በወስፌ እየተወጋ መሶብ ሆኖ እስኪቆም ድረስ አንዲት ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታየዋለች፤ ከመሐል የሚነሣው ንድፍ ክቡ እየሰፋ ሲሄድ እንዳይዛባ በቃል መቁጠርንም ትማራለች። ይህ የሒሳብም የውበትም ትምህርት ነው። ነገር ግን ሙያ ተብሎ የሚመሰገነው ይህ ሥራ ወደ ሠዓሊነት የሚያሸጋግር መንገድ አልተከፈተለትም፤ ስለዚህ እጅግ ብዙ ጅማሬዎች ጅማሬ ሆነው ቀርተዋል። ስለ ሥነ ጥበብ ምንጭ የሚጻፉ መጻሕፍት ይህን ሊያልፉት አይገባም።

መከራ ሠዓሊን ይፈጥራል የሚለው አስተሳሰብም ቢሆን መመዘን አለበት። አፈወርቅ የልጅነታቸውን ከፊል ዘመን ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጣሊያን ወረራ ውስጥ አሳልፈዋል፤ የክብር ዘበኛ መኮንን የነበሩት የእስክንድር አባትም ተይዘው ወደ ጣሊያን ተወስደው ለዓመታት ታስረዋል። ይህ ሁሉ በሥራቸው ውስጥ አለ፤ በአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ላይ የሚታየው የባርነትና የነፃነት ታሪክ ከአየር የመጣ አይደለም። ሆኖም ያን ወረራ በልጅነቱ ያየ ትውልድ ሙሉ ነበር። መከራ የሚነገር ነገር ይሰጣል፤ የሚናገር እጅ ግን አይሰጥም፤ እጁን የሚሰጠው ሌላ እጅ ነው።

በ1950ዎቹ ማብቂያ በሠዓሊው በአለ ፈለገ ሰላም አማካይነት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ መከፈቱ በዚህ ረገድ ትልቅ ለውጥ አመጣ፤ ከዚያ በፊት በትውልድ ወይም በደቀ መዝሙርነት ብቻ የሚገኘው ሲሠራ የማየት ዕድል፣ አባቱ ሠዓሊ ላልሆነ ልጅም ተከፈተ። ከጀርመን የተመለሱት ገብረ ክርስቶስና ከፓሪስ የተመለሱት እስክንድር በዚያው አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የሆኑት ዘሪሁን የትምጌታ፣ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ተምረው በዚያም የታወቁ ቢሆንም፣ በኋላ የቀርከሃ ሰቆችን ጎን ለጎን አስተሳስረው እንደ ክታብ በረዘመ ጠባብ ገጽ ላይ መሥራት ጀመሩ። በ1972 ከትምህርት ቤቱ የተመረቁት ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ እስክንድር ያስተምሩበት ወደነበረው ዋሽንግተን ወደሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው በ1980 የማስተርስ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ፤ የሥዕላቸው ዋና ጉዳይ ያደረጉትም ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጩኸት ያጠኑትን የአማርኛ ፊደል ነው፤ ፊደሎቹ ይረዝማሉ፣ ይሰበራሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ፤ አንባቢው ቃል ፈልጎ ሲቀርብ የሚያገኘው ቅርጽና ቀለም ነው።